በመኝታ ቤቴ መሐል የቆመው ቀርከሃ

እንጅባራ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየምሥራች ደረሰ፤

እንደምን ሰንብተሻል? «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ መቀጠል ነበረብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ «ደብዳቤ በጤና ይጀምራል» እያልሁ ልጆች ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም፤ ተቃጥያለሁ።

በስልክ ስታወሪኝ ለምን «እሺ፣ እሺ» ብቻ እያልሁ እንደምዘጋብሽ ጠይቀሻል። የምናገረውን ሁሉ አባትሽ ስለሚሰማ ነው። የሚሰማው ደግሞ መኝታ ቤታችንን ለሁለት ስለከፈለው ነው። አዎ፣ ያንን ሰፊውን መኝታ ቤት።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ውዬ ስመለስ አናጢው በዛብህ መዶሻውንና መጋዙን እየሰበሰበ አገኘሁት። ክፍሉ መሐል ለመሐል የቀርከሃ ግድግዳ ቆሟል። ጭቃ እንኳ አልተመረገበትም፤ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ተጠላልፎ፣ በላዩ የማዳበሪያ ጆንያ ተወጥሮበታል። ሲያስል እሰማለሁ፤ ስገላበጥ ይሰማኛል። እንዲህ ያለ ነገር የሚታጠረው ለጥጃ ነው። እኔ ምኑ ነኝ?

የደረሰኝን ድርሻ ልንገርሽ። ትልቁን አልጋ ለእኔ ትቶልኛል፤ እሱ ከመንገድ ካምፕ ያመጣትን ታጣፊ አልጋ ዘርግቷል። መስኮቱ ግን በእሱ በኩል ሆነ፤ እኔ በቀን ጨለማ ውስጥ ነኝ። አምፖሉ ከግድግዳው በላይ ስለተንጠለጠለ ለሁለታችንም ያበራል፤ ማጥፊያው ግን እሱ ዘንድ ነው፤ መጽሐፍ ይዤ ቁጭ ስል ቀጭ ያደርግብኛል። ቁም ሣጥኑም እዚያው ቀርቷል። ቀሚስ ለመቀየር «ደረሰ፣ ያቺን ሰማያዊዋን አቀብለኝ» እያልሁ በግድግዳ ላይ እጮሃለሁ፤ እሱም በላይ በኩል ይወረውርልኛል። ከእኔ ወደ እሱ የሚያስገባ በር የለም። ለራሱ በጓሮ በኩል፣ ከሽንት ቤቱ ፊት ለፊት፣ አዲስ በር አስበስቷል።

«ምን በደልሁህ?» አልሁት። «ለጸሎት ነው፤ ጸጥታ ፈልጌ ነው» አለኝ። ጸጥታ! እናንተ ከወጣችሁ በኋላ በዚህ ቤት ከእኔ በቀር ማን አለ? ጫጫታዋ እኔ ነኝ ማለት ነው።

ቤቱን ስንሠራ አንቺ ትንሽ ነበርሽ። ባለ ስልሳ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ሰው ሁሉ «ሳሎኑን አስፉት» ሲል «የለም፣ መኝታ ቤቱ ይስፋ» ያልሁት እኔ ነኝ። አባትሽ የመንገድ ሥራውን ግሬደር ይዞ ከካምፕ ካምፕ ሲዞር ከርሞ ብቅ ባለ ቁጥር እናንተ «ከአባባ ጋር ካልተኛን» ብላችሁ መሬቱን ትሞሉት ነበር። እሱ ሲሄድ ደግሞ ያ ሁሉ ስፋት ለእኔ ብቻ ይቀራል። «ግድ የለም፣ ጡረታ ይወጣል» እያልሁ ነው ያን ሁሉ ዘመን የተኛሁበት። ይኸው ወጣ። ባሌ ቤቱ ገባ ባልሁ ማግስት ግድግዳ አቆመብኝ።

ደብዳቤዬን የሚያመጣልሽ የሚኒባሱ ሾፌር ገበየሁ ነው። መልሱን ለጎረቤቴ ለደብሪቱ ሱቅ ያድርስልኝ። ቤት እንዳትልኪው።

እናትሽ ማናለብሽ

*

ባሕር ዳር፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፤

እማዬ፣ ሰላምሽ ይብዛ። እኔና ባለቤቴ ደህና ነን። ደብዳቤሽን ገበየሁ ፋርማሲው ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ፤ ደንበኛ መድኃኒት እየጠበቀ ቆሞ አነበብኩት። መልሱን ስላዘገየሁ ይቅርታ። ጀምሬ የቀደድኩት ወረቀት ብዙ ነው።

በደብሪቱ ስልክ ደውለሽ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። አባዬ በታኅሣሥ እዚህ የመጣው እንዳለሽ ለጡረታው ጉዳይ ነው። ብዙም አላወራም፤ መንገዱ አድክሞት ነበር። ከማንም ጋር አልተጣላም። ስለ አንቺም ክፉ ነገር አልተናገረም፤ እንዲያውም ስምሽን ሳያነሣ የዋለበት ቀን የለም።

እማዬ፣ ግድግዳውን ለጊዜው ተይው። ያናድዳል፤ እኔም ብሆን እናደዳለሁ። ግን ሰው ሲያረጅ የራሱ ጠባይ ያወጣል። ጾሙም እየገባ ነው፤ በዚህ ሰበብ ትንሽ ይረጋጋ። ወደ እሱ ክፍል ልግባ ብለሽ አታስጨንቂው። ውኃ ግን አብዝቶ ይጠጣ፤ አደራ። ለሁሉም ሽማግሌ ጥሩ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

በገበየሁ የላክሁለት ካርቶን ደርሶት ይሆን? ሳይከፈት እንዲደርሰው ንገሪልኝ።

ልጅሽ የምሥራች

*

እንጅባራ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

የምሥራች ልጄ፤

ሰላምታሽ ደርሶኛል። ምክርሽ ግን አልደረሰኝም፤ ከደጃፉ መልሼዋለሁ።

«ለጊዜው ተይው» ትያለሽ። በስንት ዓመቴ ነው እኔ ደግሞ የራሴን ጠባይ የማወጣው? ካርቶኑንም ጠይቀሻል፤ ደርሷል። መናኸሪያ ሄጄ በባጃጅ ጭኜ ያመጣሁት እኔ አሽከሩ ነኝ። «የጸሎት መጽሐፍና ጧፍ ነው» ብሎ ከእጄ ነጠቀኝ። መጽሐፍ እንዲህ ይቀላል ወይ? ደብሪቱ «ሌላ ሴት ይዞ ይሆናል» አለችኝ። ሳቅሁባት። ኋላ ግን ብቻዬን ስሆን አልሳቅሁም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። የንስሐ አባታችን መምሬ ይኸነው ትናንት መጡ። ለእኔ መስቀል አሳልመው፣ በጓሮ በር ዞረው እሱ ዘንድ ገቡ። ሁለቱ በአዊኛ ያወራሉ። የጎጃም አማራ ሆኜ ከአገው ቤት ስገባ ቋንቋውን ሳልለምድ ቀርቼ ቢሆን አንድ ነገር ነበር። ከእናቱ ጋር ስንት ዘመን እንደኖርሁ ረስተውት ነው? ቀርከሃው ደግሞ የሚደብቀው ነገር የለም። አባትሽ መነኵሴ ልሁን እያለ ነው! በቤቱ ተቀምጦ፣ ቆብ ደፍቶ!

መምሬ ዞረው ወደ እኔ መጡና «ወለተ ኪዳን» አሉኝ በክርስትና ስሜ። «ሚስት ያለው ሰው ሚስቱ ሳትፈቅድ አይመነኵስም። ትፈቅጅለታለሽ ወይ?»

«እሱ ራሱ ይጠይቀኝ» አልኋቸው።

ከወዲያ በኩል ታጣፊዋ አልጋ ብቻ ሲጥ አለች።

«ደረሰ፣ ምላስህንም በዛብህ ጠለፈው ወይ?» አልሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ። መምሬ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ቆይቶ «ፍቀጅልኝ፣ ማናለብሽ» አለኝ። ድምፁ የልመና ነበር። አሳዘነኝ፤ በማሳዘኑም የባሰ ተናደድሁ። አልፈቀድሁም። ከግድግዳ ጋር ተጋብቼ አልኖርም፤ ፊቱን እያየሁ ይጠይቀኝ። መምሬም «እንግዲህ ተስማሙና ጥሩኝ» ብለው ሄዱ።

ጡረታ የወጣ ሰው ቆብ ያምረዋል ብለው የሚስቁብኝ ሰዎች አሉ። ይሳቁ። እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ምን እንዳጠፋሁ የሚነግረኝ አንድ ሰው አጣሁ።

እናትሽ

*

እንጅባራ፣ የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

የምሥራች፤

የሐሙሱን ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። የጻፍሽው አንቺ መሆንሽን ለማመን ነው። «ፍቀጅለትና ይረፍ፤ አንቺም ትረፊ» ብለሻል። ማን ከማን ነው የሚያርፈው? ከእኔ እንዲያርፍ ነው? ከዚያ ሰው ጋር እኮ ቆርቤ ነው የተጋባሁት፤ «እስከ ሞት» ብዬ ነው። አንቺ ፋርማሲ ውስጥ ቆመሽ የራስ ምታት ክኒን እንደምትሰጭው እናትሽን አንድ ፍሬ ፈቃድ ትጠይቂያታለሽ።

ደግሞ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ስለ ግድግዳው ስጽፍልሽ አልደነገጥሽም። ስለ ቆቡ ስጽፍልሽም አልደነገጥሽም። ወንድሞችሽ በስልክ ሰምተው ጮኹ፤ አንቺ ትመክሪኛለሽ። የምታውቂው ነገር አለ? ካለ በቀጥታ ጻፊልኝ። ከሌለ ደግሞ ከአባትሽ ጋር አትወግኝብኝ።

መምሬን ሄጄ ጠየቅኋቸው። ሰው ሲመነኵስ ሥርዓቱ ምንድን ነው አልኋቸው። በቁሙ ፍትሐት ይደረግለታል፤ ለዚህ ዓለም ሞተ ይባላል አሉኝ። መልካም ነው! ስለዚህ እኔ መበለት ነኝ። ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ ታለቅሳለች፤ ይህንንም የሚከለክል ሥርዓት የለም።

የእድሩን ዳኛ ድንኳን ጠየቅሁት። «እመት ማናለብሽ፣ ሬሳው አምፖል ያበራል ያጠፋል እኮ» ብሎ ቀለደብኝ። ድንኳኑ ይቅር። ዓርብ መጋቢት አቦ ነው፤ ከንግሥ የሚመለሰው ሰው ሁሉ በደጃችን ያልፋል። ጥቁር ለብሼ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ግቢዬ ውስጥ መሬት ላይ እቀመጣለሁ። ለሚመጣው ሰው የሚሆን ንፍሮ ደብሪቱ ትቀቅልልኛለች። ወይ ይሙትልኝ፣ ወይ ይኑርልኝ። በጆንያ ጀርባ እንዲህ መሐል ላይ ሊሆን አይችልም።

አብጃለሁ አትበይ። አላበድሁም። ባሌን ነው የጠየቅሁት።

ማናለብሽ

*

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፤

ተይ። ስለ እመቤታችን ብለሽ ተይ፣ አታድርጊው።

ስልክሽን አታነሽም። ደብሪቱ «ጥቁር ቀሚስ እያስጠበበች ነው» ብላ ዘጋችብኝ። ዛሬውኑ ልመጣ ሻንጣዬን ይዤ መናኸሪያ ሄጄ ነበር፤ መንገዱ ተዘግቷል፣ ከዚህ የሚወጣ መኪና የለም አሉኝ። ገበየሁ «እንደተከፈተ መጀመሪያ የምወጣው እኔ ነኝ» ስላለኝ ይህን እሰጠዋለሁ።

የምታውቂው ነገር አለ ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ አለ። ምን እንደሆነ ግን ልነግርሽ አልችልም፤ መስቀል ይዤ ምያለሁ። ሌላ ሴት አይደለም። አንቺን መጥላትም አይደለም። ትናንት አባዬ ጋ ደውዬ «አንተው ንገራት፣ አለዚያ ሰው ፊት ትዋረዳላችሁ» ብዬ ለመንኩት። «አታደርገውም፣ አውቃታለሁ» አለኝ። አያውቅሽም እማዬ። እኔ አውቅሻለሁ፤ ታደርጊዋለሽ።

እባክሽ ዓርብን ብቻ እለፊልኝ።

የምሥራች

*

እንጅባራ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

የምሥራች፤

«ዓርብን ብቻ እለፊልኝ» የሚለው ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰኝ። ገበየሁ መንገድ ተዘግቶበት ዳንግላ ላይ ከርሞ ነው፤ እሱን አልወቅስም።

ስለ ዓርብ ብዙ አልጽፍም። ደብሪቱ ነግራሻለች፤ በስልኩ ውስጥ ስታለቅሽ ሰምቻለሁ። ከአቦ የሚመለሰው ሰው መሬት ተቀምጬ ሲያየኝ ገባ። «ማን ነው የሞተው?» ይሉኛል፤ «ደረሰ» እላለሁ። ነገሩ የገባቸው ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቁ፤ ያልገባቸው አለቀሱ። እሱ ከውስጥ ሁሉንም ይሰማል፤ ድምፁን ግን አላሰማም። የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ ወጥቶ፣ ፊቴ ቆሞ «አለሁ» እንዲለኝ። ይህንን ነው የፈለግሁት፣ ሌላ አልነበረም።

ያላሰብሁት እኅቱን እንቁን ነው። ወሬው እሷ ያለችበት ጥርባ ድረስ ይደርሳል ብዬ እንዴት ልገምት? ያቺ አሮጊት፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችውን ወንድሟን በአዊኛ እየጠራች፣ ደረቷን እየደቃች ግቢውን ገባች። እንደ ሌላው ሰው አልነበረችም፤ የእሷ እውነት ነበር። ተነሥቼ አፏን ልይዛት ሞከርሁ። ገፈተረችኝ።

ያኔ የጓሮው በር ተከፈተ። የእኅቱን ድምፅ ሲሰማ ጋቢ እንኳ ሳይደርብ፣ በቁምጣ ነው የሮጠው። ሰው ሁሉ አየው። ቱቦውን አየን። ጭኑ ላይ የታሰረችውን የሽንት ከረጢት አየን። እንቁ ለቅሶዋ አፏ ውስጥ ቀረ። እሱ በሁለት እጁ ሊሸፍን እየሞከረ «አለሁ፣ አለሁ» ይላታል። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ እየተንጠባጠበ ወጣ፤ ንፍሮውን የነካው የለም።

ባሌን ያዋረድሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ለማንም አላካፍልም። ግን አንቺን የምጠይቅሽ አለኝ፣ መልሽልኝ።

ያ ካርቶን ከረጢት ነበር አይደል? ጧፍ ነው ተብዬ በጭኔ ይዤው የመጣሁት? ሳይከፈት እንዲደርሰው የተባለው ከእኔ ነው? «ውኃ አብዝቶ ይጠጣ» ስትይ፣ ለምን እንደሆነ የማውቅ ሰው ብሆን ምን ይጎድልሽ ነበር?

ከማን ነው የደበቃችሁት? የገዛ እናቱ፣ አያትሽ፣ በዚያው መኝታ ቤት አልጋ ይዛ ዓመታት ስትተኛ ያነሣኋትና ያስተኛኋት፣ ያጠብኋት፣ አንሶላዋን የቀየርሁት እኔ ነኝ። እሱ ካምፕ ነበር። አንድ ቀን ፊቴን አጥቁሬባት ይሆን? ያን ጊዜ ያልተጠየፍሁ ሴት ዛሬ በባሌ እጠየፋለሁ? ሦስታችሁን አምጬ የወለድሁ ሴት ሽንት አይታ ታውቃለች!

ሌላ ሴት ቢይዝብኝ ይሻለኝ ነበር። ማሉ ሲሉኝ የማምለው ነው። ያኔ ቢያንስ ሚስት ሆኜ ነበር የምከዳው። እናንተ ግን ከሚስትነት አውጥታችሁኝ፣ እንደ እንግዳ ሳሎን አስቀመጣችሁኝ።

መልስ እፈልጋለሁ። በስልክ አይደለም፤ በጽሑፍ።

*

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፤

የጠየቅሽኝን ሁሉ እመልሳለሁ። አባዬ በራሱ አፍ «አሁን ምን ቀረ፣ ንገሪያት» ስላለኝ መሐላው ወርዶልኛል።

በታኅሣሥ የመጣው ለጡረታ አልነበረም። ሽንቱ ተይዞበት ነው። እኔ ቤት በገባ ማግስት ሲያቃስት ሰምቼ ሆስፒታል ወሰድኩት። ፕሮስቴት ነው አሉን። መጥፎው ዓይነት አይደለም፤ ቀዶ ጥገና ግን ያስፈልገዋል፣ ወረፋውም ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚያ ቱቦው አብሮት ይቆያል። አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ ሐኪሙ እስኪወጣ ጠበቀና ከአንገቱ መስቀሉን አውልቆ በእጄ አስያዘኝ። «እናትሽ እንዳትሰማ» አለኝ። «ለምን?» አልኩት። «ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀኝ ኖራ፣ የጠበቀችው ይህንን ነው ልበላት?» አለኝ። ቱቦው አንዳንዴ ያፈስሳል እማዬ። እስከ ጥር ካምፕ ከርሞ ቤት ሲገባ፣ አንሶላሽ ላይ እንዳያፈስስ ነው ግድግዳውን ያሠራው። ቆቡን ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ለምን ለምን ስትይው ሌላ መልስ ያጣ ይመስለኛል፤ ከልቡም ይሁን እሱ ያውቃል።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ፈቃድ ስጭው ብዬ መጻፌ ስህተት ነበር። የፈራሁት ሲታወቅበት የሚሆነውን ነበር፤ ይኸው ሆነ።

ግን እኔም የምናገረው አለኝ፤ አንቺ ብቻ አይደለሽም የተናደድሽው። እሱ በመስቀል አሰረኝ፤ አንቺ በደብዳቤ ገረፍሽኝ። ሁለታችሁም አንድ ክፍል ውስጥ ተኝታችሁ፣ የጆንያ ውፍረት ብቻ ለይቷችሁ፣ የምትባባሉትን በእኔ በኩል ባሕር ዳር ታዞሩት ነበር። ሌሊት እየተነሣሁ የማለቅሰውን ባለቤቴ ይጠይቀኛል፤ ለእሱም አልነገርኩትም።

ቆይ፣ አንቺስ እማዬ? ያ የጓሮ በር ከተበሳ ጀምሮ መቆለፊያ የለውም፤ አባዬ ነው የነገረኝ። መምሬ ገቡበት። ለምን አንድ ቀን ዞረሽ አልገባሽም?

የምሥራች

*

እንጅባራ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየምሥራች፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ለባለቤትሽም። መልሴ የዘገየው ቂም ይዤ አይደለም። ቂሙማ አለ፤ ግን ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ለምን ዞሬ አልገባሁም ላልሽው፣ በገዛ ቤቴ በጓሮ በር አልገባም ብዬ ነው። ባሌ ይጥራኝ እንጂ እኔ አልለምንም ብዬ ነው። ኩራት ነው በይው፤ አልከራከርሽም። ጥያቄሽ ግን በጣም አናዶኛል፤ አናዶኝም ደብዳቤሽን እንዳጠፍሁ በቀጥታ ዞሬ ገባሁ።

ታጣፊዋ አልጋ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኝቷል። ክፍሉ ንጹሕ ነው። በዚህ በእንጅባራ ብርድ፣ ገና ሳይነጋ ቧንቧው ሥር ልብሱን ብቻውን ሲያጥብ እንደከረመ እጁን አይቼ አወቅሁ፤ ቆዳው ተሰነጣጥቋል።

«ደረሰ» አልሁት፣ «ሰው ፊት አዋርጄሃለሁ፣ ይቅር በለኝ።»

ጋቢውን እስከ ጆሮው ሳበው።

«አሁን ደግሞ አንተ ይቅርታ ጠይቀኝ» አልሁት።

«እኔ ምን አደረግሁ?» ብሎ ዞረ። እስቲ ስሚው! በቤቱ መሐል አጥር አጥሮ ምን አደረግሁ ይላል! የሆዴን ሁሉ ዘረገፍሁለት። ከሠርጋችን ጀምሮ የቀረውን በዓል፣ ያመለጠውን ክርስትና፣ የእናቱን አልጋ፣ አንድም አላስቀረሁም። ምን ያህል እንደጮኽሁ ደብሪቱ ከሱቋ ነው የሰማችኝ። ቁጭ ብሎ አደመጠኝ። በመጨረሻ «እንደ ሸክም እንዳታይኝ ነው» አለ። «ያንን ፊትሽን ፈርቼ ነው።» «የትኛውን ፊቴን?» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና ማልቀስ ጀመረ። እኔም አለቀስሁ፤ እያለቀስሁም እሳደብ ነበር።

ከረጢቷ እንዴት እንደምትለወጥ አሳየኝ ብዬ ያዝሁት። አልፈልግም አለ፣ ተገላመጠ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኋላ ግን አሳየኝ። ከአንቺ የተላከ ጓንት አለ፤ ከካርቶኑ ሥር። አሁን እኔው ነኝ የምለውጠው። አፍሮ ዐይኑን ይጨፍናል፤ ይልመደው።

በዛብህን አስጠራን። ግድግዳው ይፍረስ አልሁ፤ አባትሽ ግን ስታጠብ ሰው እንዳያየኝ ትንሽ መከለያ ይኑረኝ አለ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ቀርከሃው ተነቅሎ ወደ ጓሮው በር ተጠግቶ ተተከለ፤ ጠባብ መታጠቢያ ወጣለት። አሁን በመጋረጃ መግቢያ አለው። የቀረው ስፋት፣ መስኮቱም ማጥፊያውም ቁም ሣጥኑም፣ የሁለታችን ነው። ታጣፊዋን አልጋ ለበዛብህ ሰጠሁበት፤ «ማን ጠይቆሽ?» ብሎ ተቆጣ። ትልቁ አልጋ ላይ የፕላስቲክ ልባስ አንጥፌያለሁ። አንድ ሌሊት አፈሰሰ። ተነሣን፣ ቀየርን፣ ተኛን።

መምሬ ይኸነው ስለ ቆቡ ሊጠይቁ መጥተው ነበር። አባትሽ «ፍትሐቱ በአቦ ዕለት ግቢ ውስጥ ተደርጎልኛል» አላቸው። ሦስታችንም ሳቅን። እንቁ ግን እስካሁን አላናገረችኝም። እሄዳለሁ፤ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። የሚገባኝ ነው።

አንቺን በተመለከተ፣ ይቅርታሽን ተቀብያለሁ። ንዴቴ ግን አልወጣልኝም፤ ቶሎም አይወጣም፤ እወቂው። መሐላ ከባድ ነው፣ ይገባኛል። ያስማለሽ አባትሽ ነው፤ ለዚያ የእሱን ድርሻ ሰጥቼዋለሁ። ግን ከአንድ ሰው የምትደብቁት ነገር ሲኖር፣ ምንም እንዳልደበቃችሁት ሆናችሁ ያንን ሰው አትምከሩት። ባልሽ ሌሊት ስታለቅሽ ጠይቆሽ ዝም ማለትሽንም አልወደድሁትም። ዛሬውኑ ንገሪው።

የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ ደርሷል ብለሽ «እኔ ፈቃድ ወስጄ አስታምመዋለሁ፣ አንቺ አትልፊ» ማለትሽን አባትሽ ከስልኩ አነበበልኝ። አትልፊ! እኔው ይዤው እመጣለሁ። መናኸሪያ መጥተሽ ትቀበይናለሽ፤ ቤትሽ ታሳድሪናለሽ፤ ምሳም ታመጭልን ይሆናል። ሐኪሙ ዘንድ ግን አትገቢም፤ በሩ ላይ ትቀመጫለሽ። ወረቀት ይዞ ወጥቶ «የዚህ ሰው ምኑ ነሽ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የሚጠይቀው እኔን ነው፤ የምመልስለትም እኔ ነኝ።

ማናለብሽ፣ የደረሰ ሚስት